ትከሻዬና የቀነዓ መርፌ

ይድረስ ለእህቴ ለሸዋጌጥ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? የደጋው ብርድስ በረታባችሁ? ሽብሩን ሳሉ ተወው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ከትናንት እሻላለሁ።

ጽሕፈቱ እንደ ዶሮ ጭረት ቢሆንብሽ አትዘኚ፤ የራሴ እጅ ነው። ጆሮሽ ስልክ አይሰማልሽም፤ የልጄን የሠርፀን ነገር ደግሞ በሰው እጅ ማጻፍ አልሆነልኝም። እሱን ከቀበርኩ ወዲህ ቀኝ ትከሻዬ ተይዞ፣ ጣቶቼም ደንዝዘው እስክሪብቶ አልጨብጥ ስላሉ ነው ስምንት ወር ዝም ያልኩሽ።

እዚሁ ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ በመርፌ የሚያክም ቀነዓ የሚባል ሰው አለ። የወሰደችኝ ጎረቤቴ ድርቤ ናት። መርፌ ስትለኝ የጆንያ መርፌ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ልመለስ ብዬ፣ ደህናውን ክንዴን ይዛ እየጎተተች አስገባችኝ።

ሰውየው የሲሬ ልጅ ነው፤ በፊት ነርስ ነበር። መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ካምፕ ተቀጥሮ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ሐኪማቸው የሠራተኞቹን ወገብ በመርፌ ሲያቃና አየ። ቋንቋቸውን ለመደ፣ አገራቸው ሄዶም አምስት ዓመት ተምሮ መጣ። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዶክተር ስለው ግን፣ ቀነዓ ይበሉኝ አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን መርፌ አላየሁም። ሆስፒታል የተነሳሁትን ራጅ አስመጣኝ፤ የግፊት ኪኒኔን እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀኝ። የሁለቱንም እጄን አንጓ ይዞ ትርታዬን ብዙ አዳመጠ። ቀጥሎ ምላስዎን ያውጡ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምላስ እንዳወጣ በአክብሮት ሲለምነኝ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቄ መጣ። የት እንደምተኛም ጠየቀኝ፤ አልጋ ላይ አልኩት።

ዋሸሁት፣ እህቴ። ለቅሶ የተቀመጥኩበት ስስ ፍራሽ ላይ ነበርኩ፤ ሲሚንቶው ላይ፣ በቀኝ ጎኔ፣ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ። አርባው አልፏል፣ ተነሺ ቢሉኝም እምቢ አልኩ። አልጋ ላይ ከወጣሁ ልጄን የረሳሁት መሰለኝ።

መርፌው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ አንዴ ከወጋበት ይጥለዋል። አራት ጊዜ ሄድኩ። ጣቶቼ ሞቅ አሉ፣ ትከሻዬ ግን ያው። በአምስተኛው ጊዜ ቀነዓ ጥፋቱን ወደ ራሱ ወሰደ፤ ቦታውን ስቼ ይሆናል፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ልላክዎ አለኝ። የእሱ ማፈር አንጀቴን በላውና እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። «ሀርሜ» አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ «ሐዘኑ የእርስዎ ነው፣ አልነካውም። ትከሻውን ግን ከሲሚንቶው ያንሱልኝ።»

ያን ዕለት አልጋዬ ላይ ወጣሁ፤ እንዳሳየኝ በግራ ጎኔ፣ ክንዴን ትራስ አስደግፌ። ስነቃ ሠርፀ እንደ ወትሮው በልቤ ነበር። ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነኝ፤ እጄ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። ገና ይቀረዋል ይላል ቀነዓ።

አሁን በሰው እጅ ያላጻፍኩትን ልንገርሽ። ሠርፀ መኪናው የተገለበጠ ዕለት ከአንገር ጉቲን ሰሊጥ ይዞ ይመጣ ነበር። ለአክስቴ ለሸዋጌጥ ነው፣ እንዳትነኪው ብሎኝ ነበር በስልክ። እሱ መንገድ ቀረ፤ ከረጢቱ ግን ደህና ደረሰ። አላስነካም ብዬ አስቀምጬው ነበር። በዚህ ሳምንት ሰፌድ አንስቼ በገዛ እጄ አበጠርኩት፤ ከደብዳቤው ጋር ይደርስሻል።

ሽብሩን ሳሉን ይጠንቀቅ በይልኝ። ሕሩይን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ መታሰቢያን እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት፣ አራሷን። ድርቤ ሰላም ብላሻለች። ቀነዓን ስለ ጉልበትሽ ጠይቄው ነበር፤ ሳላያት ምንም አልልም አለኝ። ሰሊጡን ለሁሉም አቅምሻቸው፣ ከማን እንደሆነም ንገሪያቸው።

እህትሽ የሺመቤት
ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.