በላጲስ የጠፉ ልኬቶች

የኔ አስካለ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ዕወቂልኝ፤ የላፍቶውን ክብ አዳራሽ የለካን ጊዜ ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከተለየሽኝ አራተኛ ዓመት ተጋምሷል፤ ይህን ለማለት እስከዛሬ ዘገየሁ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብል እዋሻለሁ። የጎፋው ግቢያችን አጥር ብሎኬት ሆኗል፤ ኮክሽ ደርቆ ተቆርጧል። እኔ ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክራቫቴን አስራለሁ፤ የምሄድበት ግን የለኝም።

አዳራሹም የለም። ካቻምና ክረምት ጣሪያው ወደቀ፤ ድንጋዩን ቤት የሚሠሩ ሰዎች ለመሠረት ወሰዱት።

አንቺ ፊደል ያስቆጠርሻት የወንድሜ ልጅ ምሕረት አርክቴክት ሆናለች። በቢሮዋ ባለው ኮምፒውተር የአሮጌ ቤቶችን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ታስገባለች፤ ቤቱ ስክሪኑ ላይ ይቆማል። ታዞረዋለች፣ በበሩ ትገባለች፣ ከውስጥ ሆና ጣሪያውን ታያለች። የፈረሰ ቤት እንኳ በልክ ከተመዘገበ አይጠፋም አለችኝ። አዳራሹን መለካታችንን ስትሰማ ደብተሬን ለመነችኝ። በላስቲክ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን በኩራት ይዤላት ሄድኩ።

ያን ቀን ታስታውሻለሽ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። እኔ ከመሐሉ ምሰሶ ሥር ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ የሜትሩን ጫፍ ያዝኩ፤ አንቺ ግድግዳውን እየዞርሽ በአሥራ ሁለት ቦታ ቁጥሩን አነበብሽልኝ። አንዱም ከሌላው አልገጠመም። አምስተኛው ላይ ሜትሩን ወጥሪው አልኩሽ። ስምንተኛው ላይ ደክሞሻል አልኩሽ። ተነስቼ አንዱን እንኳ በዓይኔ አላየሁም። አንቺ ግን እየሳቅሽ፣ «ግድግዳው እኮ አንተ ክፍል አልተማረም» አልሽኝና መልሰሽ አነበብሽው፤ ያው ነበር።

ቤት ስንገባ ቁጥሮችሽን በላጲስ አጠፋሁ። በክብ ውስጥ ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው። አማካዩን አወጣሁና በአሥራ ሁለቱም መስመር ላይ እሱኑ ጻፍኩ። ደብተሩን አይተሽ ከደንሽው፤ ከዚያ ወዲያ የሜትር ጫፍ ይዘሽልኝ አታውቂም። ኋላም ደረቴን ይወጋኛል ስትዪኝ፣ ደክሞሻል ነው ያልኩሽ።

ምሕረት ቁጥሮቼን ስታስገባ አዳራሹ እንደ ሳሕን ክብ ሆኖ ቆመ። ደስ አለኝ። ቀጥላ አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ያነሳሁሽን ፎቶ ከጎኑ አደረገች። በሩ ከቦታው አልገጠመም፤ የጣሪያው ወራጆች ግድግዳው ላይ አልደርስ አሉ። ደጋግማ ሞከረችና ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቁጥሮቹ በጣም ያምራሉ። ሰው የሠራው ቤት አይመስልም» አለችኝ።

ያደረግሁትን ነገርኳት። አልወቀሰችኝም፤ ገጹን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ያዘችው። ወረቀቱ ላይ እርሳሱ የተጫነበት ጎድጓዳ ቀርቶ ኖሮ ከአሥራ ሁለቱ ቁጥሮችሽ አራቱን ለቀምን። አራቱን ስታስገባ ግድግዳው በስተምሥራቅ ሆዱን ነፋ፤ በሩም ፎቶው ላይ አንቺ ወደ ቆምሽበት መጣ። የማውቀው አዳራሽ ያ ነበር። ከመነጽሬ ሥር ዓይኔን ስጠርግ ምሕረት ያላየች መሰለች።

ስምንቱ ግን የሉም። በግምት እንሙላው ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ አንዴ ሞልቼ አይቻለሁ። የጎደለው ግድግዳ በነጠብጣብ መስመር እንዲቀር ተስማማን። ከሥሩም እንዲህ ብላ እንድትጽፍልኝ አደረግሁ፦ «የለካችው አስካለ፤ ልኬቱን ያጠፋው ባሏ።» ምሕረት ሁለተኛውን እንተወው ብላ ነበር። አይሆንም አልኳት።

ምሕረት አዳራሹን የገለበጠችልኝ ፍሎፒ ዲስክ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከፎቶሽ ጎን ነው። የምከፍትበት ኮምፒውተር ባይኖረኝም እያወጣሁ አየዋለሁ። እስካለሁ ድረስ ድምፅሽን፣ በግድግዳው ዙሪያ ቁጥር እየጠራሽ ስትሄጂ የነበረውን፣ አልረሳም። ቁጥሮቹን ነው የረሳሁት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከበሩ በስተግራ ያለው፣ ሰባተኛው፣ ስንት ነበር? በሕልሜም ቢሆን ቶሎ መልሺልኝ። እንዳልሽው እጽፈዋለሁ።