ማርታ ያልመጣችበት ጊፋታ

ሐሙስ

የጥናቴ አራተኛ ምዕራፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር፦ የወላይታ ወጣት መስከረም ሲጠባ ፋብሪካውን ትቶ አገሩ የሚገባው ለምንድን ነው? አሠሪዎቹ «ከሥራ ጠፋ» ብለው ይጽፋሉ። እኔም የሠራተኛውን መርጋት የምለካው በዚሁ ነው። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ አገሩ ያልገባ ሰው ለፋብሪካ ኑሮ «ረግቷል» እላለሁ።

ከሰዓት ማርታ ደወለች። የታላቅ እህቴ ልጅ ናት፤ ሐዋሳ ልብስ ትሰፋለች። ፈቃድ ስለከለከሉኝ አልመጣም አለች። ለእማዬ አንተ ንገርልኝ አለችኝ።

አባቷ የሞተው በዚህ ክረምት ነው። ከቀብሩ ወዲህ ቤት አልገባችም።

ዓርብ

ከሶዶ ወደ ሻንቶ ወረድኩ። እህቴ፣ እትዬ አበበች፣ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ደረስኩ። ነገርኳት። እጇን አላቆመችም።

የቅቤው ማሰሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ አፉ በኮባ ታስሯል። ዓመቱን ሙሉ በዊጆ፣ በሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ፣ ተራዋን እየጠበቀች ያጠራቀመችው ነው። በዚያ ቤት ለጊፋታ ማሰሮውን የምትከፍተው ማርታ ናት። ገና በሕፃንነቷ አባቷ አስለምዷት፣ ሁሌም ጣቷን ስትልስ ይስቅባት ነበር።

«ፈቃዱ ብቻ ነው? ሌላ ነገር የለም?» አለችኝ።

ፈቃዱ ብቻ ነው አልኳት።

ቅዳሜ

ዝናብ። «ረግቷል» የሚለውን ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት። ሥጋት አለኝ፤ የምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

እሁድ፣ ጊፋታ

መንደሩ ሞልቷል። ከፋብሪካ የመጡት ልጆች ምዕራፌን ሰምተዋል መሰለኝ፣ ቁርጥ እየበሉ ይቀልዱብኛል። «ጋሼ፣ እኛንም ጠፉ ብለህ ጻፈን እንጂ!»

ሳቅኩ። እትዬ አበበች ሙቿውን፣ በቅቤ የሚታሸውን የቆጮ ምግብ፣ የሠራችው ከጎረቤት በተበደረችው ቅቤ ነው። የራሷ ማሰሮ እንደታሰረ ነው። ሳህን ስታቀብለኝ ቀስ ብላ፣ «የኔ ልጅ አልመጣችም። በአንተ መጽሐፍ ይኼ ጥሩ ነው አሉ» አለችኝ።

አምና በኩራት ያስረዳኋት እኔው ነኝ።

ስመለስ ማሰሮውን አሸከመችኝ። ለጥናቱ ሐዋሳ እንደምሄድ ታውቃለች።

ማክሰኞ፣ ሐዋሳ

መንገዱን ሙሉ ማሰሮው ጭኔ ላይ ነበር። ማርታ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ ወደ ኪራይ ክፍሏ ሄድን። አብራት የምትኖረው የወላይታዋ በዴሳ ከተማ ልጅ ትናንት ከጊፋታ ተመልሳለች። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ መስመር ላይ ነው የሚሠሩት።

ለእሷ እንዴት ፈቀዱላት አልኩ።

ልጅቷ ማርታን አየቻትና ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ማርታ የማሰሮውን ማሰሪያ ስትነካካ ቆየች።

«ጋሼ፣ እኔ ፈቃድ አልጠየቅኩም።»

ለምን አልኳት።

«እዚያ ከገባሁ አባዬ የለም። እዚህ ስሆን ግን እቤት ያለ ይመስለኛል።»

ከዚያ ከፈተችው። ጣቷን ነክራ ላሰች፤ የሚስቅባት እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የት ልመድባት? አልጠፋችም። አልረጋችም።

ሲመሽ እትዬ አበበች ደወለች። ከፈተችው ወይ አለች። ከፈተችው አልኳት። ከዚያ፣ «እውነት ፈቃድ ከልክለዋት ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ከልክለዋት ነው» አልኩ።

ፋብሪካውን አንድ በአንድ እስከ ዘበኛው ረገመችው። ድምፅዋ ግን ከዓርብ ይልቅ ቀለል ብሎ ነበር።