የሙሽሮቹ መርከብ ለምን ወረደች

ውድ ወንድሜ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። ነፃ ወጥተሃል! ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ እስከዚያ ግን በጭንቀት ታልቅብኛለህ ብዬ አስቀደምኩት። የአየር መርከቧን የጋዝ መክፈቻ እንዳልነካህ ተረጋግጧል፤ ክሱም ተሰርዟል። በል አሁን ተንፍስና ቀጥል።

አንተ ከጠፋህ በኋላ ካፒቴኑ ላገኘው ሰው ሁሉ "ከእኔ ጋር ስለተጣላ ሊያዋርደኝ ብሎ ጋዙን ለቀቀው" እያለ አወራ። ሰውም አመነ። የአየር መርከብ ሙሽራና ሚዜ እንደጫነች ወፍጮ ቤት ጣሪያ ላይ ስትቀመጥ፣ የጋዝ ጠባቂዋ ደግሞ በማግስቱ ሲሰወር፣ ማን ሌላ ነገር ያስባል? እኔ የምሠራበት የጋዝ ከረጢት መስፊያ ክፍል ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር። ያቺ ለፍላፊዋ ብቻ፣ "ድሮ ባለ ክንፍ ማሽን የሠሩት ሰዎች ወድቀው መሳቂያ ባይሆኑ ኖሮ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ በክንፍ ይበር ነበር። ወንድምሽም ጋዝ አይጠብቅም፣ አይከሰስም ነበር" ብላ አጽናናችኝ። ማጽናናት ከተባለ! "እኛስ ምን ሰፍተን እንበላ ነበር?" አልኳት።

ከዚያ መርማሪው መጣ። ብታየው፣ ከውፍረቱ የተነሳ በበር የሚገባው በጎኑ ነው። የተቀደደውን ከረጢት አገላብጦ አየና፣ "ይሄ የጣሪያው ቆርቆሮ ሥራ ነው። መርከቧ ከወረደች በኋላ ነው የተቀደደው። ታዲያ ምን አወረዳት?" አለ። እኔ ምን ላውቅ! "እንደ ሠርገኞቹ ልሳፈርና ልየው" ብሎ ወደ መሳፈሪያው ሲሄድ፣ መርፌዬን እንደያዝኩ ተከተልኩት።

መቼም ታውቀዋለህ፣ ሳይመዘን የሚሳፈር የለም፤ ጋዙም ለሚዛን የሚጫነው አሸዋም የሚስተካከለው ጋሽ ሚዛን በሚጠሩት ኪሎ ነው። መርማሪው ሚዛኑ ላይ ወጣ። ጋሽ ሚዛን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና፣ "ዘጠና!" ብለው ጮኹ።

እሱ ግን አልወረደም። "አባባ፣ እስቲ ደግመው ይዩልኝ።"

"ዘጠና ነው ልጄ። ደህና ነህ፣ ውረድ።"

"ሐኪሜ በቀደም መቶ አሥር ብሎ ተቆጥቶኛል እኮ።"

ጋሽ ሚዛን ግራ ቀኙን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ፊት መቶ አሥር ብዬ ልጩህብህ? ሰው እኮ ነህ፣ ጆንያ አይደለህ!"

ወንድሜ፣ እኚህ ደግ ሰው ለካ ወፈር ላለ ሁሉ ሲቀንሱለት ኖረዋል! በሌላው ቀን አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ነው፤ መርከቧ ትችለዋለች። የዚያን ቀን የተሳፈሩት ግን የሙሽራዋ አክስቶች ናቸው፤ መቼም አይተሃቸዋል። መርማሪው ሠርገኞቹን በሙሉ ጠርቶ እንደገና አስመዘነ። ትልቋ አክስት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ይሄ ምርመራ ነው ወይስ ስድብ?" አለችው። በይሉኝታ የተቀነሰላቸው ሲደመር ሌላ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ሆነ። መርከቧ እንደምንም ተነሳች፤ ደመና መጥቶ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ግን አቃታት። አንተ አሸዋውን አንድም ሳታስቀር እንደጣልክ ሚዜዎቹ መሰከሩ። ሊያወርዳት የፈለገ ሰው ሸክም ያቀልላታል?

በዚያው እኔንም መዘኑኝ። ከሦስተኛዋ ልጄ ወዲህ በጋሽ ሚዛን አፍ ስልሳ አምስት ነበርኩ። ሰባ ስምንት! እኔን እንኳ ቢተዉኝ ምን ነበረበት?

ካፒቴኑ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ቁጭ በል አላልኩትም፤ "ይቅርታህን ለራሱ ንገረው" ብዬ ሸኘሁት። ጋሽ ሚዛን ግን አንጀቴን በሉት። "ሰው አይፈር ብዬ ወንድምሽን ላሳስረው ነበር" እያሉ አለቀሱ። ከሥራ ሊያሰናብቷቸው ነው፤ ኃላፊው መጀመሪያ የአንተን ቃል ልስማ ብሏል። የምትለውን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አልገባበትም።

ከሄድክ ወዲህ እዚህ ቤት ስለ አንተ የምናወራው በሹክሹክታ ነበር። ትናንት ትንሿ ልጄ መንገድ ላይ በሙሉ ድምጿ "አጎቴ ሊመጣ ነው!" ብላ ጮኸች። አፏን ልይዝ እጄን ሰደድኩና… ተውኩት። ትጩህ።

አደራህን፣ ስትመጣ በጓሮ እንዳትገባ። በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ ጎረቤት ሁሉ እያየህ ግባ።

እንቅልፍ የተመለሰላት እህትህ