ደብዳቤ የደበቀችውን እናት የጻፉት አቶ ወንዶሰን ዓለሙ

«እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው?» ብለው አቶ ወንዶሰን በድርሰታቸው ውስጥ ስላለችው እናት ወላጅ እናታቸውን ጠይቀው ነበር። ያን ጊዜ መልስ አላገኙም።

አቶ ወንዶሰን ከአባታቸው ከአቶ ዓለሙ ተሰማና ይህን ጽሑፍ በእጇ ከጻፈችው እናታቸው ከአልጋነሽ ጉግሳ ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. አሰብ ከተማ፣ አሰብ ከቢር በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። የወደብ ክሬን ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው ያረፉት እሳቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ነው። እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚሁ ተምረው በ1977 ዓ.ም. በወደቡ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኑ።

ከሥራ ሲወጡ ጎሚስታው ጋ ጎማ ከሚያስለጥፉት የከባድ መኪና ሾፌሮች መሀል ተቀምጠው፣ ለመድረክ ለሚጽፉት ድራማ ሲሉ ያዳምጡ ነበር። «ሰውየው ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚደብቅ ካላወቅሁ በድራማዬ ውስጥ አፉን አላስከፍተውም» ይሉ ነበር። ሾፌሩ አቶ ክፍሌ እሳቸውን የሚመስል፣ ጉራ የሚነዛ፣ ቁልቁለት ሲያይ ግን የሚንቀጠቀጥ ሾፌር መድረክ ላይ ባዩ ጊዜ፣ «አንተ ወንዶሰን፣ ፍሬን እንኳ አልተውክልኝም!» ብለው አዳራሹን አስቀውታል። አልተቀየሟቸውም፤ ፈሪውን ሾፌር ሕዝቡ ወዶት ነበር።

በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለ አንድ የፊልም ሥራ ድርጅት ለድርሰት ሥልጠና ጠራቸው። የጥሪውን ደብዳቤ ያመጣው ሾፌር ለእናታቸው ሰጥቶ ሄደ። እናታቸው ማንበብ አትችልም ነበር፤ ማኅተሙን አይታ ግን ልጇን የሚወስድ ወረቀት መሆኑ ገባት። ከዱቄት ጣሳው ሥር ደበቀችው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።

በ1987 ዓ.ም. ፈሪው ሾፌርም ያለበትን፣ ለዚያው ድርጅት የሚላክ የቴሌቪዥን ድራማ ጻፉ። እናታቸው ከጎረቤቶቿ ጋር ልምምዱን ልታይ ሄደች። የእናቲቱን ቦታ የያዙት መምህርት ነጂባ አንድ ደብዳቤ ከዱቄት ጣሳ ሥር ሲያስገቡ አየች። ጎረቤቶቿ ሳቁ። እሷ ግን ደብዳቤውን መቼ እንዳዩት ባታውቅም ልጇ ሁሉን ያውቁ እንደነበር ገባት።

ቤት ሲገቡ፣ «በሰው ፊት አዋረድከኝ። እንዲህ ያለች እናት የለችም፤ አውጣት!» አለቻቸው። ከላይ የተጻፈውን ጥያቄ የጠየቋት ያን ጊዜ ነው።

አቶ ወንዶሰን እናቲቱን እንደገና ጻፏት። አዲሲቱ እናት ልጇን ስንቅ ቋጥራ፣ መርቃ ትሸኛለች። መምህርት ነጂባ፣ «ምንም አትፈራም፣ ምንም አትደብቅም፤ የግድግዳ ሥዕል እንዴት ልጫወት?» ብለው ተከራከሩ። አቶ ወንዶሰን ግን የመጀመሪያዋን እናት አልመለሷትም። ከሦስት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ፣ «ሾፌሩ ሕያው ነው፤ እናቲቱ ግን ሰው አልሆነችም። ድርሰቱን አልተቀበልነውም» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ገጽ አልጻፉም። ከመጋዘኑም አልወጡም፤ ትዳርም አልያዙም።

እናታቸው በ1988 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ፊደል እንደቆጠረች መጀመሪያ ያነበበችው የደበቀችውን ደብዳቤ ነው። «እስከ ሰኔ 30 ቀን 1985 ዓ.ም. ሪፖርት ያድርጉ» ይላል።

ዘንድሮ አቶ ወንዶሰን በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ የመጀመሪያውን ድርሰት ከመሳቢያቸው አውጥታ አጠገባቸው ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ንባቧ ቀርፋፋ ስለሆነ አምስት ቀን ፈጀባት። ደብዳቤው በሚደበቅበት ገጽ ኅዳግ ላይ በእጃቸው፣ «ነጂባ፣ አትጨክኚባት። ክፉ አይደለችም፤ ብቻዋን መቅረት ፈርታ ነው» ብለው ጽፈዋል። መልሱ ይህ ነበር። «አዎ፣ እሱን ነው የፈለግሁት፣ እንዳትሄድብኝ» ብላ ልትነግራቸው ቀና ስትል አቶ ወንዶሰን ራሳቸውን ስተው ነበር። አልሰሟትም።

ሰኔ 4 ቀን 1990 ዓ.ም. በተወለዱ በ32 ዓመታቸው ዐረፉ። ደሴ ያለችው እኅታቸው ዓለምዘውድ ባለፈው ወር በተነሣው የድንበር ጦርነት መንገድ ስለተዘጋ ለቀብሩ አልደረሰችም። ጎሚስታው ጋም አንድ መኪና አይታይም፤ አቶ ክፍሌም ከሄዱ ወር ሆናቸው።

አቶ ወንዶሰን የሰውን ጥፋት እያወቁ ሰውየውን እንዳልጠሉት፣ እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን በዚያው ዓይን ይመልከትልን።

እናታቸው ሐሙስ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ወደ ደሴ ትሄዳለች። አቶ ወንዶሰን አሰብ ቀርተዋል።