ብርሃኑን የጋረድኩበት ቀን

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው ወይ? ልጆቹስ አሁንም ጫማሽን እየደበቁ ያበሽቁሻል? እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ከሰሞኑ ከቦታው የለም፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

በምሠራበት ፋብሪካ ብረት የሚያመላልሱ፣ ሾፌር የሌላቸው ጋሪዎች እንዳሉ በስልክ ነግሬሽ ነበር። ድሮ የሚታዘዙት በሬዲዮ ነበር፤ የብየዳ ማሽኖቹ ሲነሱ ግን ሬዲዮው እየተረበሸ ጋሪው መንገዱን ይስታል። አሁን ኢንፍራሬድ በሚሉት፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ነው ከጣሪያው ትእዛዝ የሚቀበሉት። እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በይው፤ ፊቱን በእጅሽ ከጋረድሽው አይሰማም። ጋሪውም አናቱ ላይ ያለው መስታወት ሲጋረድ ቀጥ ይላል፤ ብርሃኑን ሲያገኝ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። እኛን ያስፈራን ይሄ መነሳቱ ነው። ለአለቃችን ብንነግረው፣ ማሽን ስለማይደክመው ከእናንተ ይሻላል ብሎ ሳቀብን።

ባለፈው ሳምንት የብየዳው ጭስ ቤቱን ሞላውና ብረት የጫነ ጋሪ ብርሃኑ ተጋርዶበት አጠገቤ ቆመ። ሳቂታው የምንለው የሥራ ጓደኛዬ የወደቀ ብረት ሊያነሳ ፊት ለፊቱ ገባ። ጎንበስ ሲል ከጭነቱ ሌላ ብረት ተንሸራቶ እግሩን ከወለሉ ጋር ያዘው። የጋሪው ማቆሚያ ቁልፍ ግድግዳውን በተጠጋው ጎኑ ስለሆነ እጅ አይደርስበትም። ቀና ስል ጭሱ እየሳሳ ነው። እታለም፣ ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የቆዳ ሽርጤን ፈትቼ መስታወቱን ሸፈንኩት።

"እንዳትለቂው! አፈር ስሆን እንዳትለቂው!" ይለኛል።

አልለቅም እለዋለሁ። ሽርጡ ሸርተት ባለ ቁጥር ጋሪው ጉርርር ይላል፤ እሱም ዓይኑን ይጨፍናል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሮጦ መጥቶ ባትሪውን እስኪነቅለው ድረስ ዘመን የቆምኩ መሰለኝ።

ተረፈ። ቁርጭምጭሚቱ ቢሰበርም ይድናል ብለዋል። ጋሪዎቹም ከእንግዲህ ሰው ቁልፍ ካልተጫነላቸው እንዳይነሱ ተደርገዋል፤ አለቃችንም ሳቁን ትቷል። እኔ ግን አላመንኩም። የቆመ ጋሪ ሳይ ዞሬ በሌላ በኩል አልፋለሁ። ወደ ጣሪያው አንጋጥጣለሁ፤ ምንም አይታይም፤ የባሰ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛውሩኝ ብዬ ለምኜ እሺ አሉኝ።

ትናንት ሳቂታውን ልጠይቅ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ እጄን ይዛ አልለቅም አለች። እሱ ደግሞ፣ "ስመለስ አንቺ አጠገቤ ካለሽ ነው የምገባው" አለኝ። መዛወሬን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንግዲህ ዝውውሩ ይቅርብኝ ልላቸው ነው፤ ነገ እዚያው ጋሪዎቹ መሀል እገባለሁ።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን ግን እንዳታነቢለት፣ ሥራው ተስማምቷታል በይው። ባልሽን በርታ በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አንቺ ግን እኔን አይዞሽ አትበይኝ፣ እታለም። አብረሽኝ ፍሪ፤ ለሁለት ከፈራነው ሳይቀለኝ አይቀርም።

ታናሽሽ
ከፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ