በምጣድ ተራ ስለተመዘገበው አውቶቡስ

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ መንገድ

ለተከበሩ አቶ ዓምደ ሚካኤል
የስምንት አባወራ የጋራ ቆጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
በግቢያችን

ጉዳዩ፦ የኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርድ እንዳይነቀል ስለመለመን፣ በዚያውም ስለማመስገን

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የግንቦት ወበቅ ለትንፋሽዎ አልከበደም? የደም ግፊትዎ ከጋራ ቆጣሪያችን የተሻለ እርጋታ እንዲኖረው፣ ጉልበትዎም እንደ እኔ ጉልበት ሳይከዳዎ ረጅም ዘመን በሰብሳቢነት እንዲያገለግሉን ምኞቴ ነው። ለስምንት ቤት ግቢ ክብ ማኅተም ያስቀረጸ ሰብሳቢ ከእርስዎ በቀር ሰምቼ ስለማላውቅ፣ በእርስዎ ዘመን ተከራይ በመሆኔ ራሴን እንደ ዕድለኛ እቆጥራለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግቢው በር ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። የእርስዎ ውሳኔ እዚያው በር ላይ በአራት ሚስማር ተመትቶ ስለተገኘ፣ ጎረቤቶቼ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያነቡ አንገታቸው እንዳይጣመም ብዬ የእኔን ከጎኑ አድርጌዋለሁ። ሚስማሩንም ከእርስዎው ላይ ሁለቱን ተውሼ ነው።

በውሳኔዎ መሠረት እስከ ነገ ዓርብ ማታ ድረስ ግራፊክስ ካርዱን ከኮምፒውተሬ ነቅዬ ለኮሚቴው ካላስረከብሁ፣ የቤቴ የመብራት መስመር ይቆረጣል። በማግስቱ ቅዳሜ ደግሞ ምናሴ ከመራዊ ይመጣል። ጭንቀቴ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ለዚህ ማብራሪያ ነው።

በቅርቡ ለገቡት ተከራዮች ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባሕር ዳር ተነሥቼ በመራዊ፣ በዱርቤቴ፣ በዳንግላ እያልሁ የሕዝብ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ከዚህ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኙን ዓመት በሩን ይዞ የቆመው ረዳቴ ምናሴ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ጉልበቴ ፍሬን መርገጥ እምቢ አለኝና ከመሪው ወረድሁ። አውቶቡሱም ብዙ አልቆየም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ምናሴም ያለ ጋሼ አለበል በር አልይዝም ብሎ አገሩ መራዊ ገባ። ስንለያይ ሁለታችንም ደህና ሁን እንኳ በወጉ አልተባባልንም፤ ምን ይባላል? የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ መንገድ ያለን መስሎን ነበር።

ልጄ ፀደንያ የምትሠራበት ኮሌጅ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን በጨረታ ሲያስወግድ አንዱን ገዝታ፣ የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ ጭና፣ የፕላስቲክ መሪ ገጥማ ሰጠችኝ። ፍሬኑ በጣት ስለሚያዝ ጉልበት አይጠይቅም። ለምናሴ ደወልሁለት፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሚኒባስ መጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

ችግሩ ኮምፒውተሩ እንደ እኔው ያረጀ መሆኑ ነበር። መንገዱ እየተቆራረጠ ይመጣል። ላም መንገድ ላይ መቆሟን የማውቀው ካለፍኋት በኋላ ነው። ተሳፋሪዎቹ ፊት አልነበራቸውም፤ ዝናብ ከዘነበማ ኮምፒውተሩ ደንግጦ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ምናሴ «ጋሼ፣ ያረጀው መኪናው ነው ወይስ እኛ ነን?» ቢለኝ ከልቤ አዘንሁ። ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ፍለጋ የወጣሁት በማግስቱ ነው። ካርድ ማለት ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተሰክቶ ሥዕሉን የሚሠራው ዕቃ ነው፤ ይህን የምጽፈው ለጎረቤቶቼ ነው እንጂ እርስዎማ መርምረውታል።

እንግዲህ ቅሬታ ማለት ይከብደኛልና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ) ስለ ምጣድ ተራው። በግቢያችን አንድ ቆጣሪ ለስምንት ቤት ስለሆነ፣ ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ስለዚህም ለየቤቱ የመጋገሪያ ቀን ተለይቶ በሰንጠረዥ ተሰቅሏል። ይህን ሥርዓት ከልቤ እደግፋለሁ። ግንቦት 4 ቀን ግን ሰንጠረዡን ሳነብ ከጎረቤቴ ከእማሆይ ወለተ ሩፋኤል ምጣድ በታች «የአቶ አለበል ኮምፒውተር፣ ማክሰኞ ከሰዓት» የሚል አዲስ መስመር አገኘሁ። ምክንያቱንም ኮሚቴው በጽሑፍ አብራርቷል፦ ዕቃው ማራገቢያ አለው፣ ይሞቃል፣ ሲበራም ያጉረመርማል፤ ስለዚህ ከምጣድ ወገን ይመደባል። በዚህ መመዘኛ የእማሆይ ድመትም ትሞቃለች፣ ታጉረመርማለችም፤ የእርሷን ቀን ግን ሰንጠረዡ ላይ ፈልጌ አጣሁ።

ካርዱ እኮ ኮምፒውተር ጠጋኙ ይትባረክ ሆን ብሎ የመረጠልኝ ትሑት ዕቃ ነው። የራሱ የኃይል ገመድ እንኳ አይጠይቅም፤ የሚወስደው የአንድ አሮጌ አምፖል ያህል ነው። የተገጠመው ሐሙስ ሚያዝያ 30 ቀን ነበር። በዚያን ቀን ይትባረክ ኮምፒውተሩን ነቅሎ፣ ሆዱን ከፍቶ፣ አቧራውን በጎማ መንፊያዬ እየነፋ ሳለ የግቢው ብሬከር ሁለት ጊዜ ወረደ፤ ኮሚቴውም ጥፋቱን በካርዱ አሳበበ። ካርዱ በዚያ ሰዓት የት እንደነበር ኮሚቴው ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር፤ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሐሙስ የእማሆይ ቀን ሆኖ ሳለ ከእርስዎ ቤት ደግሞ የሚያውድ የድፎ ዳቦ ሽታ ይወጣ ነበር። ሽታ ማስረጃ አይሆንም እንዳይሉኝ፣ ባለቤትዎ በደግነታቸው አንድ ቁራሽ ልከውልኛል፤ ማስረጃውን በልቼዋለሁ። እጅግ ጥሩ ዳቦ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

2ኛ) ውሳኔው «ግለሰቡ በመኖሪያ ቤቱ ያለ ፈቃድ መናኸሪያ ከፍቶ ተሳፋሪ ሲጠራ ተደርሶበታል» ይላል። ይህን ሳነብ፣ ልዋሽዎ አልችልም፣ ትንሽ ኩራት ተሰማኝ። የሆነው ግን እንዲህ ነው። የጨዋታው ካርታ የሌላ አገር ነው፤ የከተሞቹ ስም ለምላሳችን ስለማይመች ምናሴ በመልካቸው እያየ የእኛን ስም ሰጥቷቸዋል። ድልድዩን ተሻግሮ ያለችው ከተማ መራዊ ናት፤ ባለ ዳገቷ ዱርቤቴ ናት። ግንቦት 2 ቀን፣ አዲሱ ካርድ በተገጠመ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ተሳፋሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት አወጡ። አንዷ ሕፃን አዝላለች፤ አንዱ ሽማግሌ ጃንጥላ ይዘዋል። ምናሴ ይህን ሲያይ ራሱን መግታት አልቻለም። ተነሥቶ በረንዳ ወጣና በዚያ በምታውቁት ድምፁ «መራዊ! መራዊ! የቀረን ሁለት ሰው!» ብሎ ተጣራ።

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል መራዊ ያሉትን እኅታቸውን ለመጠየቅ ሰንብተው ያስቡ ኖሯል። መቋሚያቸውንና ስንቃቸውን ይዘው ከተፍ አሉና «ልጆቼ፣ ከግቢ መጫን ጀመራችሁልን? ለእኔ ብጤ እንዴት ያለ ጽድቅ ነው!» አሉን። እያፈርን ነገሩን አስረዳናቸው። «እንግዲያስ ከወጣሁ አይቀር ልቀመጥ» ብለው ከኋላዬ ተቀመጡ። መራዊ ሳንደርስ መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ነፋሱ ወገቤን ያዘኝ አሉ። መስኮት አልነበረም፤ የኮምፒውተሩ ክዳን ከካርዱ ርዝመት የተነሣ አልገጥም ብሎ ስለቀረ ነፋሱ የማራገቢያው ነበር። ፎጣ ጋረድንላቸው፤ እስከ ዱርቤቴ ተኙ። በውሳኔው ላይ «ምስክር ቁጥር አንድ» የተባሉት እኒህ እናት ናቸው። የመሰከሩት ሾፌሩ ዝግ ብሎ እንደሚነዳ መሆኑን ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ ይህ ቃላቸው በውሳኔው ውስጥ ሳይገባ የቀረው ቦታ ጠቦ ይሆናል።

3ኛ) ስለ ምርመራው። ግንቦት 9 ቀን፣ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ ለምርመራ ብቻ እንዲበራ ፈቅደው ብቻዎን መጡ። ውሳኔው ምርመራው «አምስት ደቂቃ ፈጅቷል» ይላል። ሰብሳቢ የጻፈውን ማስተባበል አልወድም። አምስቱን ደቂቃ በር ላይ ቆመው እንዳሳለፉ እኔም እመሰክራለሁ። ከዚያ በኋላ ምናሴ ወንበር ስቦ «ግቡ ጋሼ፣ የበሩ መቀመጫ ለእርስዎ ነው» አለዎት፤ እርስዎም ገቡ። ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤትዎ በራችን ላይ ብቅ ብለው «ሰውዬው እዚህ ነው እንዴ ያለው?» ሲሉ ምርመራው ገና አላለቀም ነበር።

በመካከሉ የሆነውን ልጻፈው? ምናሴ እንደ ልማዱ የት እንደሚወርዱ ጠየቀዎት። ለምርመራ ነው የመጣሁት ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እርስዎ ቀስ ብለው «ጢስ ዓባይ» አሉ። ጢስ ዓባይ መስመራችን አይደለም። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ከመስመሬ ወጥቼ አላውቅም። ምናሴ ግን አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ መሪውን አዞርሁት። በመንገድ ላይም፣ እናትዎ ገበያ ውለው ሲመለሱ እርስዎ መንገድ ዳር ወጥተው ይጠብቋቸው እንደነበረ፣ እናትዎ ካረፉ ወዲህ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀዬውን እንዳልረገጡት አጫወቱን። ፏፏቴ ያለበትን ሥፍራ ፈልገን አጣን፤ አንዲት ወንዝ ዳር ያለች መንደር ላይ ቆምሁ። ምናሴም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጢስ ዓባይ፣ ወራጅ» አለ። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው ዐይንዎን ጠረጉ። የመንገዱ አቧራ መሆን አለበት፤ አዲሱ ካርድ አቧራውን ሳይቀር አጥርቶ ያሳያልና።

በዚያን ቀን ማታ ለምናሴ ሰብሳቢው ሰው ናቸው አልሁት። ሰኞ ጠዋት ውሳኔውን በሩ ላይ አነበብሁ።

4ኛ) ካርዱን ለኮሚቴው ካስረከብሁ በኋላ ምን እንደሚደረግበት አልተገለጸም። ኮሚቴው ኮምፒውተር የለውም፤ ምጣድ ግን አለው። ከምጣድ ወገን ነው ተብሎ ስለተመደበ አንዱ አምኖ እንዳይጥደው አደራ እላለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ላንድ አፍታ ልተወውና አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ምናሴ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። መራዊ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት አለው፤ ሌላ የሚጠብቀው ሰው የለውም። ሳምንቱን የሚቆጥረው በቅዳሜ ነው፤ ለቅዳሜ ሸሚዙን ያጥባል፣ ይላጫል። ባለፈው ቅዳሜ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ፣ የተሳፋሪዎቹን ፊት ካየ በኋላ ወደዚያ ፊት ወደማይለይበት ወደ ድሮው ጉም መመለስ እንደማይሆንለት ነግሮኛል። እኔም አይሆንልኝም። ማክሰኞ የመራዊ ገበያ ላይ በቆሎ በመመዘን ሥራ ስለሚውል፣ የተሰጠን የምጣድ ቀን ለእርሱ አይረባውም። የምለምነው ካርዱ እንዲቀርልኝ፣ ቀናችንም ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እንዲሆን ብቻ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ምጣድ ተብሎ ቢጻፍም ቅር አይለኝም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ማኅተምዎ፣ ስለ ባለቤትዎም ዳቦ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
አለበል
የቤት ቁጥር 5
ቀድሞ ሾፌር፣ በእርስዎ ውሳኔ የመናኸሪያ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለእማሆይ ወለተ ሩፋኤል፣ ለምስክርነታቸው
ለድመታቸው፣ የተራ ቀኗን እንድትጠይቅ
ለቆጣሪው

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ዕለት ባርኔጣዎን የበሩ መቀመጫ ላይ ረስተዋል። የሌላ ሰው ነው እንዳንል ከውስጡ የኮሚቴው ማኅተም ተመትቶበታል። በእኛ ደንብ የተረሳ ዕቃ የሚመለሰው ባለቤቱ ራሱ መጥቶ የተሳፈረበትን ቀንና የወረደበትን ቦታ ሲናገር ነው። ደግሞም በምናሴ መዝገብ እርስዎ ጢስ ዓባይ ወርደዋል እንጂ አልተመለሱም፤ ሰኞ ባሕር ዳር ሆኖ ውሳኔውን የፈረመው ማን እንደሆነ ኮሚቴው ቢያጣራ መልካም ነው። እኛ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ልንመልስዎ ጢስ ዓባይ እንመጣለን፤ መብራቱን ካልቆረጡት።