የአባታችን ቅንድብ

ለውድ ወንድሜ የኋላሸት ደምለው፣ ጁባ ላለኸው፤

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? ጋራዥ ውስጥ የያዘህ ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም አብሮህ ያድራል? ሙቀቱንስ ለመድከው? እኛ እዚህ ውርጩ ጎመኑን አቃጥሎት፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን ስንውል አንተ ላብህን ስትጠርግ ትታየኛለህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ዘንድሮ የጎደለብን ነገር አለ፤ ወረቀት ያስያዘኝም እሱ ነው።

ያን የመሰለ ስልክ በእጇ እያለ ምን ወረቀት አስያዛት ትል ይሆናል። የምጽፍልህ ስለ ስልኩ ስለሆነ በእሱው ልልክልህ ፈራሁ። ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። ደብዳቤውን የአብዱልቃኒ ልጅ ሚንሃጅ ለንግድ ወደዚያ ሲመጣ በእጁ ያደርስልሃል። ጉዳዩ የአባዬ ፊት ነው። ግንበኛው ጾሙ ሳይገባ መጥቶ ፎቶውን ሐውልቱ ላይ ሊያቆመው ነው፤ የሚቆመው ፊት ግን የአባዬ አልመስል ብሎኛል። እኔ አባዬን አላውቀውም፤ ሲሞት በእማዬ ሆድ ነበርኩ። የእማዬን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ከቤታችን በደህና ዓይኑ አይቶት የሚያውቅ አንተ ብቻ ቀረህ።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። እንደምታውቀው እንጀራዬ ጥልፍ ነው፤ የአዲስ አበባ ደንበኞቼ ደግሞ ጥልፉን በቴሌግራም ሳያዩ አያዝዙም። አሮጌው ስልኬ ቀዩን ቡናማ፣ አረንጓዴውን ጥቁር እያደረገ ስንት ሙሽራ አስኮረፈብኝ። ስለዚህ መስከረም ላይ መንገድ የተከፈተ ዕለት ደብረ ማርቆስ ሄጄ አብዱልቃኒ ሱቅ ገባሁ። አብዱልቃኒን መቼም አትረሳውም፤ ድሮ እዚህ አማኑኤል ገበያ ባትሪ ድንጋይና ሬዲዮ ይሸጥ የነበረው ነው። አሁን ስልክ በስልክ ሆኗል። ከአንድሮይዶቹ ቁንጮ ናቸው የሚባሉትን ሁለቱን አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። እኔ ደግሞ ሰው የነገረኝን ብቻ ይዤ አልገዛም፤ የገዛ ቀሚሴን ጥልፍ በሁለቱም አነሳሁት። አንደኛው የሳትኩትን ስፌት ሳይቀር እንዳለ አሳየኝ፤ ባትሪውም ይቆያል ተባለ። ሁለተኛው ግን የሳትኩትን ስፌት ደፈነው፤ እኔ ያልሰፋሁትን ክር ሰፍቶ አሳየኝ። አብዱልቃኒ ፈገግ ብሎ፣ ያኛው ያየውን ነው የሚያሳይሽ፣ ይሄኛው ያማረሽን ነው አለኝ። ታዲያ እኔ ሴትዮዋ የቱን ልምረጥ? ያማረኝን ይዤ ወጣሁ።

አመሉን ብነግርህ ትስቃለህ። በጣት ይከፈታል ቢሉኝም ጣቴን መርፌ ወጋግቶት ኖሮ አላውቅሽም አለኝ፤ ፊቴን ሲያይ ነው የሚከፍትልኝ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር እስኪነሳ ጠብቄ እሰካዋለሁ። እንዳይሰነጠቅብኝ ከጥልፍ ቁራጭ ማኅደር ሰፋሁለት፤ ባለቤቴ ይታያል፣ ዳዊት አደረግሽው እኮ፣ መድገም ብቻ ነው የቀረሽ እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ልንገርህና ወድጄው ነበር። ብርሃኑ ኃይለኛ ስለሆነ እማዬ እንኳ አፍንጫዋ ላይ ስታስጠጋው መልክ ትለይበታለች። ስንት ዘመን የሰው ፊት ጥላ ብቻ ሆኖባት ለኖረች ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ አንተ ለአባዬ ሐውልት ይሠራለት ካልክ ወዲህ እማዬ ፎቶው ከላዩ እንዲሆን ተመኘች። ያለን ፎቶ ያው የመታወቂያው ነው፤ አውራ ጣት የማታክል፣ ጣሪያ አፍስሶባት ግማሽ ግንባሩን ያደበዘዘችው። ከሙዳይዋ አውጥታ ሰጠችኝና በስልኩ አነሳኋት። ስልኩ አሮጌ ፎቶ መሆኑን ራሱ አውቆ፣ ላድሰው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ውሃ የነካውን፣ የተጫጫረውን ሁሉ ልሶ ልሶ ሲጨርስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አየኝ። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በዕድሜዬ አባቴ ዓይን ውስጥ ገብቼ የማላውቅ ሰው፣ መርፌዬን ጥዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወዲያው ላንተ ላክሁልህ፤ አንተም በድምፅ፣ አባዬ ነው፣ አባዬ ራሱ ነው እያልክ ስታለቅስ ሰማሁህ። እማዬ ስልኩን አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው። ጉንጩን ልትዳብስ በጣቷ ስትነካው ፎቶው ተንሸራቶ አለፈና የእኔ ጥልፍ መጣ። «ሄደ» አለች።

ኅዳር ላይ የሐውልቱ መሠረት ሲሞላ እማዬ፣ አንድ ሰው ሁለት ፊት አይኖረውም፣ አሮጌውን ለእሱ መልሱለት አለች። የሟች መልክ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ብላ ነው። ትንሿን ፎቶ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ለግንበኛው የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሲሚንቶ ፈሰሰባት። አዲሱ ፊት ደግሞ ደብረ ማርቆስ በሸክላ ላይ ታትሞ መጣና ተጠቅልሎ ቤት ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ነው አያ ቢተው የመጡት። አያ ቢተው ከአባዬ ጋር ወንፈል ገብተው ሲያርሱ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሸክላውን ገልጬ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «መልከ መልካም ሰው ነው፤ የማን ወገን ነው?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አባዬ ነው አልኳቸው። ሸክላውን ወደ ብርሃን አዙረው «ቅንድቡስ?» አሉ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። በሬ የከፈለውን ቅንድቡን ለእኔ የነገርከኝ አንተ ነበርክ፤ ሐዘን ይዟት እማዬ ስለ እሱ ማውራት ባልቻለችበት ዘመን፣ አባትሽ እንዲህ ነበር እያልክ ያሳደግከኝ። ፎቶውን ባየሁ ቀን ግን ደስታው ሁሉን አስረሳኝ።

አብዱልቃኒ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። ስልኩን ተቀብሎ አጉልቶ አየና «ጠባሳውን የወረቀት ጭረት መስሎት ነው የደፈነው። አይቶ አይደለም የሚሠራው ልጄ፤ ገምቶ ነው» አለኝ። አሮጌውን ፎቶ አምጪው አለኝ፤ ሲሚንቶ ውስጥ ነው አልኩት። መጀመሪያ ያነሳሽው አለ ወይ አለኝ፤ ቦታ ያጣብባል ብዬ አጥፍቼዋለሁ። አብዱልቃኒ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ስልኩን መልሶ ሰጠኝና ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ወረቀት ባላስቸገርኩ። ታኅሣሥ ላይ ደምበጫ ገበያ ወርጄ ያጌጠ ፈረስ አየሁና ለጥልፍ ይሆነኛል ብዬ ኮርቻውን አነሳሁ። ማታውን ስልኩ በክብ ውስጥ አንድ ፊት አውጥቶ፣ ይህ ያው ሰው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከፈረሱ ጀርባ፣ ከሕዝቡ መካከል፣ የሸክላው ሰውዬ ቆሞ ያየኛል። አይደለም የሚለውን ነካሁ። በሌላ ሳምንት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ካነሳሁት ፎቶ ውስጥ አውጥቶ ደግሞ ጠየቀኝ። አብዱልቃኒ ሲያስረዳኝ፣ ሩቅ ያለ ሰው ፊት ስለማይታየው የሚያውቀውን ፊት ያለብሰዋል ነው የሚለው። አምኜዋለሁ፤ የተማረ ነገር ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ደምበጫ ገበያ አልሄድኩም።

ስልኩስ ይሁን፤ ስልክ ነው። እኔን ያስፈራኝ ሰው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ስልኬ ላይ እያየ፣ ወይ ደምለው፣ ቁርጥ እሱ እያለ ይሄዳል። ጥር እንደገባ አያ ቢተውን አግኝቼ ስለ ቅንድቡ እንዲያጫውቱኝ ለመንኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝና፣ የደምለው ቅንድብ ድፍን ነበር አሉኝ። ራስዎ አይደሉም ወይ የጠየቁኝ ስላቸው፣ በሬው የወጋው እኔን ይሆናል ብለው የገዛ ቅንድባቸውን በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር። የእሳቸው ቅንድብ ምንም የለበትም።

እማዬን ደግሞ ስማ። አባዬ በየወሩ በአማኑኤል ዋዜማ በሕልሟ እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ በሕልሟ ዓይኗ ደህና ነው። ከፎቶው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስትከፋ አይቼ ምን ሆንሽ አልኳት። «ጋቢው የሱ ነው፤ ድምፁም የሱ ነው፤ ሰውዬው ግን ሌላ ነው። ስሜን ጠርቶ ይቀመጣል። ሂድ እንዳልለው ጋቢውን ይዞብኛል» አለችኝ። የእኔ ብልጠት ነው እናቴን ከባሏ የለያያት፤ ይህን ሳስብ መርፌ መያዝ ያቅተኛል።

ለዚህ ነው ባለፈው ደውዬልህ የአባዬ ጠባሳ በየትኛው ቅንድቡ ነበር ያልኩህ። አስታወስከው? «የትኛው ጠባሳ?» አልከኝ። ኔትወርኩ ተቋርጦ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ጠየቅሁህ፤ ደግመህ እንደዚያው አልክ። ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ የሰጠኸኝን ልመልስልህ ነው የምጽፈው። አንተ ዳዊት የምትደግም ልጅ ሳለህ፣ አባዬ ቀንበር ሲፈታ ቦራው በሬ አንገቱን ወርውሮ በቀንዱ ጫፍ የግራ ቅንድቡን ለሁለት ከፈለው። አንተ ነጠላህን ቀደህ አሰርክለት። ሲድን መሐሉ ፀጉር ሳያበቅል ቀረ። ሲስቅ ክፍቱ ሰፋ ይልና የሚጠራጠር ይመስል ነበር፤ አንተም እየሳቀ ነው ወይስ እየተቆጣ ነው ብለህ ትሳቀቅ ነበር። ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ፤ ከማንም አልሰማሁትም። እኔ አላየሁትም፤ የያዝኩት ያንተን ቃል ብቻ ነው።

የምለምንህ ይህን ነው። የላክሁልህን ፎቶ ከስልክህ አጥፋው፤ ለመጨረሻ ልየው ብለህም አትክፈተው። ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይተህ፣ አባዬ ትዝ ሲልህ፣ የታየህን በወረቀት ጻፍልኝ፤ ምንም ካልታየህም አልታየኝም በል፣ ላስደስታት ብለህ አትፍጠርልኝ። ግንበኛውን መልስህ እስኪደርስ ቆይ ብዬዋለሁ። መልስ ከሌለም ሸክላው አይወጣም። እማዬን ጠይቄያት፣ ባዶው ይሻላል፣ ስሙ ብቻ ይጻፍ ብላለች። ስልኩን ለጥልፌ እይዘዋለሁ፤ ሰው ግን አላነሳበትም።

ይታያል እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ ለክረምት ብትመጣ የበግ ሙክት አስሮልሃል። ልጄ ሂዊ፣ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች መንገድ መንገድ ታያለች። አያ ቢተው ሰላም በይልኝ ብለዋል። የአብዱልቃኒ ሚስት ዘኪያም ልጄን አደራ፣ አገሩን ያሳየው ትልሃለች። እማዬ ደግሞ ጉንጭህን ስማ መርቃሃለች። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ፎቶህን ስትልክ ደስ ብሎኝ ስልኩን ይዤላት ሮጥኩ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የላከችብህን ቃል እንዳለ ጽፌልሃለሁ፦ «የእሱን አታሳዪኝ። እሱን እንኳ እንደማውቀው ልያዘው። ይምጣና በእጄ ልዳስሰው።»

እህትህ ዜማ ደምለው
አማኑኤል፣ ጎጃም
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.